የእጽዋትን የክሮሞዞም መጠን ለመለካትና ለማነጻጸር፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ሰብል?

የባቄላ ትልቁ ክሮሞዞም ብቻውን 3 ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ቤዝ ጥንድ ይዟል። የሰው ልጅ ሙሉ ጂኖም ያህል ማለት ነው። የጤፍ ጂኖም ግን ሃያውም ዓይነት ክሮሞዞም ተደምሮ ወደ 700 ሚሊዮን ነው። የዳቦ ስንዴ 3ቢ የተባለው ክሮሞዞም ከ800 ሚሊዮን ስለሚያልፍ አንዱ ብቻ መላውን ጤፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ አሠራሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ለሽንኩርት ስር የተጻፈው ቅደም ተከተል ሳይለወጥ ለጤፍም ለማሽላም ይውልና በማይክሮሜትር የተሞላ ሰንጠረዥ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ለባቄላ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለጤፍ ግን ከቁጥሩ ብዙው የማይክሮስኮፕ ብዥታ ነው።

ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ ወይም በሲሪንቃ አካባቢ አንድ ደህና የብርሃን ማይክሮስኮፕ ይዘው፣ ለመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ ለዘር ጥናት ክሮሞዞም ሊለኩ ላሰቡ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የሚለካው ምንድን ነው?

ሦስት የተለያዩ ልኬቶች አሉ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። አንደኛው በሜታፌዝ (ሕዋሱ ሲከፋፈል ክሮሞዞሞቹ አጥረው በግልጽ በሚታዩበት ደረጃ) ላይ የሚታየው ርዝመት ሲሆን በማይክሮሜትር ይጻፋል። ሁለተኛው የሴንትሮሜር (ሁለቱ የክሮሞዞም ክንዶች የሚገናኙበት ስርጉድ) ቦታ ነው፤ ይኸውም የረጅሙ ክንድ ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር። ሦስተኛው በኒውክሊየስ ውስጥ ያለው የዲኤንኤ መጠን ነው፤ በፒኮግራም ይለካል፤ 1 ፒኮግራም 978 ሚሊዮን ቤዝ ጥንድ ነው።

ርዝመትን ወደ ዲኤንኤ መጠን በቀጥታ መመንዘር አይቻልም። የገብስ ጂኖም 5.1 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለ7 ሲካፈል አንድ ክሮሞዞም በአማካይ ከ700 ሚሊዮን በላይ ይደርሰዋል። የጤፍ አንድ ክሮሞዞም ድርሻ 35 ሚሊዮን ነው። የገብሱ 8 ማይክሮሜትር፣ የጤፉ 1.5 ማይክሮሜትር ሆኖ ቢለካ በርዝመት የሚበላለጡት 5 እጥፍ ገደማ ነው፤ በዲኤንኤ ግን 20 እጥፍ። ትልቅ ክሮሞዞም ወፍራምም ነው፤ ውፍረቱ ውስጥ የገባውን ዲኤንኤ የርዝመት መለኪያ አያየውም። ስለዚህ ጥያቄዎ «ከእነዚህ ሁለት ሰብሎች የየትኛው ጂኖም ይበልጣል?» ከሆነ ማይክሮሜትሩን ይተዉትና ወደ ዲኤንኤ መጠን ይሂዱ። «በአንድ ተክል ውስጥ የትኛው ክሮሞዞም የትኛው ነው?» ከሆነ ደግሞ ርዝመትና የክንድ ምጣኔ ተገቢ ናቸው።

ሰብሉ ዘዴውን ይመርጣል

100 እጥፍ የሚያጎላ የዘይት ኦብጀክቲቭ፣ ኒውሜሪካል አፐርቸሩ 1.25 ከሆነ፣ በአረንጓዴ ብርሃን ለይቶ ሊያሳይ የሚችለው ትንሹ ርቀት 0.27 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የካሜራው ጥራት ይህን አያሻሽለውም፤ ወሰኑ ከብርሃኑና ከሌንሱ የሚመጣ ነው። 8 ማይክሮሜትር በሆነ የገብስ ክሮሞዞም ላይ ይህ ብዥታ 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ሊታለፍ ይችላል። 1 ማይክሮሜትር በሆነ የጤፍ ክሮሞዞም ላይ ግን ሩብ ያህል ነው። የጤፍ ክሮሞዞሞች ርዝመት ከ0.8 እስከ 2.9 ማይክሮሜትር ሲሆን በአንድ ሕዋስ 40 አሉ። የአጭር ክንዳቸውን ርዝመት በዚህ ሌንስ ለክቶ የክንድ ምጣኔ ማውጣት አያስኬድም።

ለርዝመት ልኬት ጥሩ የሆኑት ደጋ ላይ የምናገኛቸው ሰብሎች ናቸው። ባቄላ 12 ክሮሞዞም ብቻ ስላለው ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል፦ አንዱ ጥንድ ረጅምና ሴንትሮሜሩ መሃል ላይ ያለ፣ አምስቱ ጥንድ ደግሞ አጠርጠር ያሉና ሴንትሮሜራቸው ወደ ጫፍ የተጠጋ። ገብስ 14፣ ምስር 14፣ ጓያ 14፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት 16 ሲሆኑ ሁሉም በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ይለካሉ። ስንዴ ክሮሞዞሙ ትልቅ ቢሆንም ብዛቱ ያስቸግራል፤ የፓስታ ስንዴ 28፣ የዳቦ ስንዴ 42 ስላለው ሁሉም ተበትነው የማይነባበሩበት ሕዋስ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ማሽላ 20፣ ሽምብራ 16፣ ኑግ 30 ክሮሞዞም አላቸው፤ ሁሉም ትናንሽ ስለሆኑ ለመቁጠር እንጂ ክንድ ለመለካት አይመቹም።

ሕዋስን በሜታፌዝ ላይ ማቆም፦ በረዶ፣ ኮልቺሲን ወይስ 8-ሃይድሮክሲኩዊኖሊን?

ውጤቱን ከምንም በላይ የሚያበላሸው ይህ ደረጃ ነው። የሚነከርበት ፈሳሽና የሚቆይበት ሰዓት ክሮሞዞሙ ምን ያህል እንደሚያጥር ይወስናሉ፤ ያው ክሮሞዞም በአጭር ቆይታ የነበረው ርዝመት በረጅም ቆይታ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ለገብስና ለስንዴ በረዶ ውሃን እናስቀድማለን። ስሩ በውሃ በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይቆያል። መርዝ የለውም፣ ወጪ የለውም፣ ክሮሞዞሙንም ከመጠን በላይ አያሳጥርም። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከፍሪጅ ይልቅ በተፈጨ በረዶ የተሞላ ቴርሞስ ይታመናል፤ ብልቃጡን መሃሉ ላይ ቀብሮ ማታና ጠዋት በረዶ መጨመር ነው። ለቆላ ሰብሎች ግን በረዶ አይመከርም፤ ማሽላና ጤፍ በቅዝቃዜ ክፍፍሉን ራሱን ያቆማሉ።

ለባቄላና ለምስር 0.05 በመቶ ኮልቺሲን (0.05 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ) ለ3 ሰዓት ጥሩ ይሠራል። ጉድለቱ ሰዓት ሲያልፍ ነው፦ ክሮሞዞሞቹ እንደ በትር አጥረው ይደነድናሉ፣ የሴንትሮሜሩ ስርጉድ ይጠፋል፣ ለቆጠራ የሚያምር ለልኬት ግን የማይረባ ሕዋስ ይገኛል። ኮልቺሲን ኃይለኛ መርዝ ነው፤ ያለ ጓንት አይነካም፣ ዱቄቱ ሲመዘን አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፣ ትራፊው እቃ ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም።

የክንድ ምጣኔ ለሚፈልግ 8-ሃይድሮክሲኩዊኖሊን ይበልጣል፤ ሴንትሮሜሩንና ሁለተኛ ስርጉዱን አጉልቶ ያሳያል። መጠኑ 0.002 ሞላር ነው፤ 0.29 ግራም በ1 ሊትር። በቀዝቃዛ ውሃ ስለማይሟሟ 60 ዲግሪ ላይ እያማሰሉ ማሟሟት፣ ከዚያ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ። ስሩ በ18 ዲግሪ ገደማ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። «በክፍል ሙቀት» የሚል ቅደም ተከተል ሲያጋጥምዎ ይጠንቀቁ፦ የደሴ ክፍል ለ18 የቀረበ ሊሆን ይችላል፤ ኮምቦልቻ በቀትር ከ25 ሲያልፍ ያው 4 ሰዓት ሌላ ውጤት ይሰጣል። ብልቃጡን ውሃ በተሞላ ሳህን ላይ ማስቀመጥና ቴርሞሜትር መንከር ይበቃል።

ከስር ጫፍ እስከ ስላይድ

ገብስና ምስርን በእርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ፣ ባቄላን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ማብቀል ይሻላል። የውርጩ ወራት ሲገቡ ደጋ ላይ ያለው ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ስሩ ያድጋል፤ የሚከፋፈል ሕዋስ ግን ጥቂት ነው። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ የሚቆይ ቦታ ይፈልጉለት። ስሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቆረጣል፤ በዚህ ሰዓት የሚከፋፈል ሕዋስ ብዙ ጊዜ ይበዛል።

ፊክሳቲቩ (ሕዋሱን ባለበት ሁኔታ የሚያቆየው ፈሳሽ) 3 እጅ ንጹሕ አልኮል ለ1 እጅ ግላሲያል አሴቲክ አሲድ ሲሆን በዚያው ሰዓት ይቀላቀላል። ያደረ ድብልቅ ኬሚካሉ ስለሚለወጥ አይሆንም። ከመድኃኒት ቤት ለቁስል የሚገዛው 70 በመቶ አልኮልም ውሃው ስለሚበዛ ለዚህ አይሠራም። ደሴ ላይ ጠዋት አሲዱ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ በረዶ ረግቶ ቢገኝ አልተበላሸም፤ ግላሲያል አሴቲክ አሲድ ከ16.6 ዲግሪ በታች ይረጋል። ክዳኑን ላላ አድርጎ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት አጠገብ አይቀርብም። ግማሹ ረግቶ ግማሹ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ መቅዳት ግን ስህተት ነው፤ ፈሳሹ ክፍል ውሃ ያዘለው ነውና ልኩ ይዛባል።

ስሩ በፊክሳቲቭ 24 ሰዓት ካደረ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ከመቅለሙ በፊት በ1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 60 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ለቀጭን ስር ከዚህ ያነሰ። አሲዱን ለማዘጋጀት 37 በመቶ ከሆነው 8.3 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ጨምሮ እስከ 100 መሙላት፤ ሁልጊዜ አሲድ ውሃ ላይ እንጂ ውሃ አሲድ ላይ አይደፋም። ጊዜው ሲያንስ ሕዋሳቱ ተደራርበው አይበተኑም፤ ሲበዛ ስሩ ይሟሽሽና ቀለም አይዝም።

ከቀለሞቹ አሴቶካርሚን ርካሽ ነው፦ 1 ግራም ካርሚን በ100 ሚሊ ሊትር 45 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ በዝግታ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ማጣራት። ለትልልቅ ክሮሞዞሞች ይበቃል። ችግሩ ሳይቶፕላዝሙንም ትንሽ ያቀላዋል፤ ያኔ የክሮሞዞሙ ጫፍ የት እንደሚያልቅ ያከራክራል። አቅም ካለ ፎይልገን ይመረጥ። የሚይዘው ዲኤንኤን ብቻ ስለሆነ ዳራው ንጹሕ ነው፤ የስሩም ጫፍ ሐምራዊ ሆኖ ስለሚለይ የትኛውን ቆርጦ መውሰድ እንዳለብዎ በዓይን ይታያል።

ከዚያ የጫፉን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስላይድ ላይ በ45 በመቶ አሴቲክ አሲድ ጠብታ ውስጥ በመርፌ መበተን፣ ከቨር ስሊፕ ማልበስ፣ በእርሳስ ላጲስ በኩል ቀስ ብሎ መምታት፣ በመጨረሻም በማጣሪያ ወረቀት ሸፍኖ በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ መጫን። ከቨር ስሊፑ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ያ ስላይድ ለልኬት አይውልም፤ ክሮሞዞሞቹ ተስበዋል፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው በመታየታቸው ይታወቃሉ።

በዓይን መነጽሩ መለኪያ ወይስ በፎቶ?

የዓይን መነጽር ውስጥ የሚገባው ባለ መስመር ማይክሮሜትር ሥራ ይሠራል፤ ግን የታጠፈን ክሮሞዞም አይከተልም፣ የታየውንም ሌላ ሰው መልሶ ሊያረጋግጠው አይችልም። ካሜራ ካለ፣ የስልክ ካሜራም ቢሆን፣ ፎቶ ይሻላል። ኢሜጅ-ጄ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ በተሰባበረ መስመር የክሮሞዞሙን መሃል ተከትሎ ከጫፍ እስከ ሴንትሮሜር፣ ከሴንትሮሜር እስከ ሌላው ጫፍ መለካት ይቻላል። የካርዮታይፕ (የአንድ ሕዋስ ክሮሞዞሞች በመጠናቸው ተደርድረው የሚታዩበት) ሥዕል ለማውጣት ድሮውአይዲና ካርዮታይፕ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞችም አሉ።

በፎቶ የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ በመለኪያው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ለ100 የተከፈለውን የስላይድ ማይክሮሜትር (አንዷ ክፍል 10 ማይክሮሜትር) በዚያው ኦብጀክቲቭ፣ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ዙም ፎቶ አንስቶ ፒክስሉን መቁጠር ግዴታ ነው። ስልክ ከሆነ ዙሙ በጣት ሲነካ መለኪያው ይፈርሳል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ደግሞ ስለሚያንስ መለኪያው አይሠራለትም፤ እንደ ፋይል ይላክ።

ሌላው የተለመደ ስህተት ሁለተኛ ስርጉድን ሴንትሮሜር ማለት ነው። የባቄላ ትልቁ ክሮሞዞም፣ የገብስም 5ኤችና 6ኤች የተባሉት ክሮሞዞሞች፣ ከሴንትሮሜሩ ሌላ ጎላ ያለ ስርጉድና ከዚያ ወዲያ የተንጠለጠለ ሳተላይት አላቸው። ሳተላይቱ ርቆ ከታየ እንደ ተጨማሪ ክሮሞዞም ይቆጠርና 14ቱ 15 ወይም 16 ይሆናሉ። ባዶውን ክፍተት በርዝመቱ ውስጥ አስገብተው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ዘገባው ላይ ይጻፉ።

ቁጥሮቹን ማነጻጸር

ለምሳሌ ያህል አንድ የባቄላ ሕዋስ ላይ ስድስቱ ዓይነት ክሮሞዞሞች 16፣ 9፣ 8.5፣ 8፣ 7.5 እና 7 ማይክሮሜትር ተለኩ እንበል፤ ድምሩ 56 ነው። ትልቁ የድምሩ 28.6 በመቶ ይሆናል። ሌላ ስላይድ ላይ ኮልቺሲን ቆይቶበት ሁሉም በ30 በመቶ አጥረው ትልቁ 11.2፣ ድምሩ 39.2 ቢሆን በማይክሮሜትር ሁለት የተለያዩ ተክሎች ይመስላሉ፤ በመቶኛ ግን አሁንም 28.6 ነው። ለዚህ ነው አንጻራዊ ርዝመትን ከፍጹም ርዝመት የምናስቀድመው። በእርግጥ ሁሉም ክሮሞዞሞች እኩል አያጥሩም፤ ረጅሞቹ ትንሽ የበለጠ ይሰበሰባሉ፣ ስለዚህ በጣም ያጠረ ሕዋስ በመቶኛም ቢሆን ይጣል።

የክንድ ምጣኔን ለመሰየም ሌቫንና ባልደረቦቹ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ክፍፍል እስካሁን ይሠራበታል፦ ከ1 እስከ 1.7 ሜታሴንትሪክ፣ እስከ 3 ሰብሜታሴንትሪክ፣ እስከ 7 ሰብቴሎሴንትሪክ፣ ከዚያ በላይ ጫፍ ላይ ያለ። ከላይ የተጠቀሰው 16 ማይክሮሜትር ክሮሞዞም ክንዶቹ 8.8 እና 7.2 ቢሆኑ ምጣኔው 1.22 ነው፤ ሜታሴንትሪክ። ምጣኔው 1.65 ወይም 1.75 ሲሆን ግን ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን ከነልዩነቱ ማቅረብ ይሻላል።

ከአንድ የሚያምር ሕዋስ ካርዮታይፕ አይወጣም። ከተለያዩ ተክሎች ቢያንስ 10 የተበተኑ ሕዋሳት ይለኩ፤ ሁለት ሰብል የሚነጻጸር ከሆነ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ፈሳሽ፣ ለእኩል ሰዓት ይነከሩ። ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተወሰደ ማይክሮሜትር ከራስዎ ልኬት ጎን አንድ ሰንጠረዥ ላይ አይቀመጥም።

ጤፍና ማሽላ፦ ሌላ መንገድ

ለማሽላና ለበቆሎ አንዱ አማራጭ የአበባ ዱቄት እናት ሕዋስን በፓኪቲን ደረጃ (በሚዮሲስ ክፍፍል መጀመሪያ አካባቢ) ማየት ነው። ክሮሞዞሙ ገና ስላልተሰበሰበ ከሜታፌዙ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ክንዱም ሴንትሮሜሩም ይታያል። የሚያስቸግረው ትክክለኛውን ወጣት አበባ ማግኘትና የተጠላለፈውን ክር መከተል ነው። ሌላው ስሩን 2 በመቶ ሴሉላዝና 1 በመቶ ፔክቲኔዝ ባለበት ኢንዛይም 37 ዲግሪ ላይ አለስልሶ ዳፒ በተባለው የሚያበራ ቀለም ማቅለም ነው፤ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል። የጤፍን 40 ለመቁጠር ከካርሚን እጅግ ይሻላል። የጤፍን ክንድ ለመለካት ግን ይህም አይበቃም።

ለጤፍ የሚያዋጣው ፍሎው ሳይቶሜትሪ ነው፤ ይኸውም የቀለሙ ኒውክሊየሶችን አንድ በአንድ በብርሃን ፊት እያሳለፈ የዲኤንኤ መጠናቸውን በግራፍ የሚያወጣ ማሽን ነው። ከ20 እስከ 50 ሚሊ ግራም ወጣት ቅጠል ከመመዘኛው ተክል (የዲኤንኤ መጠኑ አስቀድሞ ከሚታወቅ ተክል) ቅጠል ጋር በ1 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ በፈር ውስጥ በአዲስ ምላጭ ይከተፋል፣ በ42 ማይክሮሜትር ናይለን ይጣራል፣ አርኤንኤዝና ፕሮፒዲየም አዮዳይድ ይጨመርበታል። አርኤንኤዝ ከተረሳ ቀለሙ አርኤንኤንም ስለሚይዝ መጠኑ ተጋንኖ ይወጣል። ቢያንስ 5,000 ኒውክሊየስ ይቆጠር፤ በግራፉ ላይ የሚወጣው ጫፍ መበተን ከ5 በመቶ ካለፈ ናሙናው ይደገም። ማሽላ ቅጠሉ ቀለሙን የሚያውክ ፌኖል ስላለው በፈሩ ላይ 1 በመቶ ፒቪፒ መጨመር ይረዳል።

የመመዘኛ ተክል ምርጫ ውጤቱን ይወስናል። በሰፊው ከሚታወቁት የቼክ መመዘኛ ዝርያዎች ቲማቲም 1.96፣ አኩሪ አተር 2.50፣ በቆሎ 5.43፣ አተር 9.09፣ ራይ (Secale cereale) 16.19፣ ባቄላ 26.90 ፒኮግራም በአንድ ኒውክሊየስ አላቸው። ጤፍ ወደ 1.5 ስለሆነ አኩሪ አተር ይስማማዋል፤ ቲማቲምም ይሆናል፣ ግን ሁለቱ ጫፎች ስለሚቀራረቡ ዝግጅቱ ንጹሕ መሆን አለበት። ለገብስ፣ 10 ገደማ ስለሆነ፣ አተርን መጠቀም ጫፎቹን ያደራርባል፤ በቆሎ ወይም ራይ ይሻላል። ማሽኑ ያለው ከወሎ ውጭ ከሆነ ቅጠል በመኪና ከማጓጓዝ ዘሩን ወስዶ እዚያው ማብቀል ይመረጣል፤ የጠወለገ ቅጠል ኒውክሊየሱ ይበላሻል። ለሲዲ4 ቆጠራ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ የጤና ማሽኖች የተዘጋጀ ቁጥር እንጂ ግራፉን አያሳዩም፤ ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ።

ናሙናም ማሽንም ሳያስፈልግ ብዙ ጥያቄ የሚመለሰው ደግሞ ከተነበበ ጂኖም ነው። ኢንሴምብል ፕላንትስ ላይ የገብስ፣ የስንዴና የማሽላ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ርዝመት በቤዝ ተጽፏል፤ በገብስ 2ኤች ረጅሙ፣ 1ኤች አጭሩ ነው። የኪው የእጽዋት ዲኤንኤ መረጃ ቋትም በሺዎች ለሚቆጠሩ ዝርያዎች የፒኮግራም መጠን ይሰጣል። የተነበበ ጂኖም ግን ተደጋጋሚውን ክፍል በከፊል ይስታል፤ በመሆኑም በፍሎው ሳይቶሜትሪ ከተለካው ብዙ ጊዜ ያንሳል።

የአካባቢ ዝርያዎችን በክሮሞዞም መጠን መለየት ይቻላል?

ጅጉርቴን ከደጋሊት ማሽላ፣ ወይም አንዱን የደላንታ ገብስ ከሌላው በክሮሞዞም ርዝመት እንለያለን ብሎ የሚነሳ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የስላይድ ዝግጅት ልዩነትን ነው የሚለካው። የአንድ ሰብል የአካባቢ ዝርያዎች በክሮሞዞም ብዛትም በመጠንም እምብዛም አይለያዩም። ከወሎ በተሰበሰበ ማሽላ ላይ በ1973 (እ.ኤ.አ.) የተዘገበው ከፍተኛ ላይሲን (የፕሮቲን ንጥረ ነገር) በአንድ ጂን የሚመራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ለውጥ ምንም ያህል ጥሩ ማይክሮስኮፕ አያሳየውም። ዝርያ ለመለየት ዲኤንኤ ማርከር ይጠቀሙ። የክሮሞዞም ልኬትን ደግሞ የሚገባው ቦታ ላይ ያውሉት፦ ዱር ዘመድን ከታረሰው ለመለየት፣ የተዳቀለ ተክል ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ፣ የክሮሞዞም ስብስቡ በእጥፍ መጨመሩን ለማየት። ለዚህም አንድ ባለሙያ ስላይዱን ከየትኛው ተክል እንደመጣ ሳያውቅ ቢለካው፣ ኮዱም ከልኬቱ በኋላ ቢፈታ፣ በጠባብ ልዩነት ላይ የሚነሳው ክርክር በእጅጉ ይቀንሳል።